ወንድሜ የሠራልኝ አውሮፕላን

«ጠላቴንስ እኔ አውቀዋለሁ፤ ከወዳጄ አንተ ጠብቀኝ» የሚለውን ጸሎት ልጅ ሆኜ ስሰማ ያስቀኝ ነበር። ወዳጅ ምን እንዳያደርግ ነው ሰው እንዲህ የሚፈራው? ዛሬ አያስቀኝም። ይህን የምጽፍላችሁም ለምን እንደማያስቀኝ ልነግራችሁ ነው። ነገሩ የደረሰው በደርግ ዘመን፣ ጋምቤላ ላይ፣ እኔ ረዳት አብራሪ ለመሆን አንዲት ፈተና ብቻ በቀረችኝ ጊዜ ነው።

ኡሞድ እባላለሁ። አኙዋክ ነኝ፣ የባሮ ዳር ልጅ። አባታችን ወንጌላዊ ነበር፤ ገና በልጅነታችን ስለሞተ እናታችን ሁለት ወንዶች ልጆቿን ብቻዋን አሳደገች። ታላቄ ኡጁሉ በወጣትነቱ አየር ኃይል ገባ። ሶቪየት ኅብረት ልከው የበረራ መሣሪያ ጥገና አስተማሩት። ሲመለስ በድሮዎቹ አሜሪካ ሠራሽ አውሮፕላኖችም፣ በአዲሶቹ የሶቪየት አውሮፕላኖችም ላይ ሠራ። ሰሜን ጦር ግንባር አጠገብ ፍንዳታ አንድ ጆሮውን ወሰደበትና ተሰናብቶ መጣ። ኒውላንድ ሰፈር፣ ያኔ ገና ከቤቱ ጎጆው ሲበዛ፣ ሬዲዮ መጠገኛ ከፈተ። እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። ጫማዬን የገዛልኝ፣ ትምህርት ቤት የመዘገበኝ፣ ስታመም ያዘለኝ እሱ ነው። ስለዚህ «ወንድሜ» ስል አባቴም ማለቴ እንደሆነ ያዙልኝ።

እኔ ደግሞ በከተማው አየር ማረፊያ ለአንድ የእርዳታ በረራ ድርጅት እሠራ ነበር። መጀመሪያ እህል አውራጅ ነበርኩ፤ ቀጥሎ ሬዲዮ ተቀባይ ሆንኩ። አኙዋክኛም ኑዌርኛም አማርኛም እንግሊዝኛም ስለምሞክር ፈለጉኝ። ኋላ አዲስ አበባ ልከው በትንሽ አውሮፕላን መሠረታዊ በረራ አስተማሩኝ። ያቺ መለማመጃ አውሮፕላን በውስጧ ይህ ነው የሚባል መሣሪያ አልነበራትም፤ በመስኮት መሬትና ሰማይ እያየህ ነው የምታበራት። ጋምቤላ ስመለስ የሰፈሩ ሕፃናት «ካፒቴን! ካፒቴን!» እያሉ ተከተሉኝ። እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ ቀስ ብዬ ነበር የምራመደው፣ በደንብ እንዲያዩኝ።

ግን ካፒቴን አልነበርኩም። የድርጅቱ ዋና አብራሪ ካፒቴን ኃይሉ ሁኔታውን በግልጽ ነግረውኛል። «ኡሞድ፣ ረዳት አብራሪ የሚቀመጥበት አንድ ወንበር አለ። ክረምት ሲገባ ከዚህ እስከ ጅማ ደመና ነው። ደመና ውስጥ መስኮትህ ነጭ ጨርቅ ነው፤ በመሣሪያ ብቻ ነው የምትበረው። እፈትንሃለሁ። ካለፍክ ወንበሩ ያንተ ነው። ከወደቅክ አዲስ አበባ ፍስሐ የሚባል ልጅ እየጠበቀ ነው።» ለመለማመጃ ግን አውሮፕላን የለም አሉኝ። ነዳጁ ለእህልና ለበሽተኛ ነው፤ ለእኔ ልምምድ አይቃጠልም። ይህም ልክ ነበር።

ይህን ለኡጁሉ ሳጫውተው ደህናውን ጆሮውን ወደ እኔ አዙሮ ሰማኝ። «አውሮፕላን እኔ እሠራልሃለሁ» አለኝ።

ሠራውም። በእናታችን ግቢ ውስጥ፣ የበቆሎ ማስቀመጫ በነበረች ክፍል። ወንበሩ ከተሰባበረ ጭነት መኪና የተነሣ ነው። መሪው የብስክሌት መሪ ነበር፤ ፔዳሎቹን ከማንጎ እንጨት ጠረባቸው። ፊት ለፊት ጣውላ አቁሞ የፍጥነቱን፣ የከፍታውንና የአቅጣጫውን ሰዓቶች በቆርቆሮ ላይ ሳላቸው፤ ቀስቶቻቸው ግን ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ከጣውላው ኋላ ተቀምጦ በሲባጎ የሚጎትታቸው እሱ ነው። መሪውን ሳዞር ያያል፣ አውሮፕላኑ ምን እንደሚሆን በሐሳቡ ያሰላል፣ ቀስቱን ያንቀሳቅሳል። መሐል ላይ ግን አንድ እውነተኛ መሣሪያ ነበረ፤ ከወደቀ የሶቪየት አውሮፕላን ተፈቶ ብረት ሻጮች እጅ የገባ የአድማስ መሣሪያ። እሱን ሲያገኝ እንደ ሙሽራ ነው ያጠበው። ደመና ውስጥ ያለ አብራሪ ወደ ግራ ያዘንብል ወደ ቀኝ የሚያውቀው በዚያ መሣሪያ ነው። ክብ ነው፤ በመሐሉ የአድማስ መስመር አለ፣ በመስመሩ ላይ ደግሞ ትንሽ የአውሮፕላን ምስል። ወደ ቀኝ ስታዘነብል ምስሏም ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። ወደ ግራ መልሰህ ታስተካክላታለህ። በቃ ይኸው ነው።

በየቀኑ ከሥራ መልስ፣ በዚያ በጋምቤላ ሙቀት፣ ከፊቱ የተቀደደ የስንዴ ማዳበሪያ ከረጢት ራሴ ላይ ይደፋልኛል፣ ከጣውላው በቀር ምንም እንዳላይ። ከዚያ ወንበሩን በእግሩ ወደ ግራ እየገፋ ምስሏን ወደ ቀኝ ያዘነብላታል።

«የቱን ታምናለህ?» ይለኛል።

«መሣሪያውን።»

«ቂጥህስ ምን ይላል?»

«ቂጤ ይዋሻል!»

እናቴ ከውጭ ሆና ትስቅ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር አንድ ቀን መጥቶ ይህ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ ኡጁሉ «የልጆች ጨዋታ ነው ጓድ» አለው። ሊቀመንበሩም ከረጢቱን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ትንሽ በረረና እየሳቀ ሄደ። እጄ ቀስ በቀስ ተካነ። ምስሏ ገና ስታዘነብል፣ ሳላስብ፣ እጄ በራሱ ወደ ሌላው ወገን ይመልሳት ጀመር። ኡጁሉ «አሁን እጅህ ተማረ» አለኝ። ይህን ሲል ፊቱ ላይ ምን እንደነበረ ባውቅ ምን ነበረበት! ከጣውላው ኋላ ነበርና አላየሁትም።

አንድ ቀን ካፒቴን ኃይሉ ባዋሱኝ መጽሐፍ ላይ የአድማስ መሣሪያ ሥዕል አየሁ። በሥዕሉ ላይ ያዘነበለው መስመሩ ነው፤ የአውሮፕላኗ ምስል ቀጥ ብላለች። መጽሐፉን ይዤ ሄድኩ።

«ይሄ ከኛው ይለያል እንዴ?»

አየት አድርጎ መለሰልኝ። «ያው ነው። አሳሳሉ ነው። አንተ በእጅህ እመን።»

አመንኩ። ወንድሜ የበረራ መሣሪያ ጠጋኝ ነው፤ እኔ እህል አውራጅ ነበርኩ። ማንን ልመን?

የፈተናው ቀን ሐምሌ ውስጥ ነበር። በጠዋት ስነሣ እናቴ ዓሣ ጠብሳ አቀረበችልኝ፣ ራሴ ላይ እጇን ጭና ጸለየችልኝ። ለመሳካቱ የጸለየች መስሎኝ «አሜን» አልኩ። ኡጁሉ እስከ አየር ማረፊያው አብሮኝ ሄደ። ዕቅዱ ቀላል ነበር፤ ካፒቴኑና እኔ ብቻ፣ ያለ ሰው፣ ያለ ጭነት፣ ከከተማው ጥቂት ራቅ ብለን ደመና ፈልገን ልንገባ ነው።

ገና አውሮፕላኑን ስንፈትሽ የሙስጠፋ ጭነት መኪና እየተንገጫገጨች ደረሰች። ሙስጠፋ የገበያው ዳር ባለሱቅ ነው፤ ከወሎ የመጣ፣ ግማሹ ከተማ በዱቤ ስኳር የሚበላበት ሰው። ከመኪናዋ ኋላ ሚስቱ ዘይነባ ፍራሽ ላይ ተኝታ በጥርሷ ነጠላዋን ነክሳለች። ሆዷን ከያዛት ቆይቷል፤ የጤና ጣቢያው ሰው ቀዶ ሕክምና ካላገኘች ቀኑን አትውልም ብሏቸዋል።

«ካፒቴን፣ በአላህ ይዤዎታለሁ» አለ ሙስጠፋ። «መንገዱ ጭቃ ነው፤ በመኪና ብወስዳት መንገድ ላይ ነው የምቀብራት። ልጆቿን ምን ልበላቸው?»

ካፒቴኑ ወደ ምሥራቅ ተራራው ላይ የተከመረውን ደመና አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። «እንግዲህ ፈተናውም መንገዱም አንድ ይሆናል። ወደ ጅማ ነው። ደመና ውስጥ አንተ ታበራለህ፤ እኔ አጠገብህ አለሁ።»

እውነተኛ ሥራ! ዘይነባን አንሥተን ስናሳፍር ግን ኡጁሉ መጥቶ የአውሮፕላኑን ክንፍ ያዘ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ካፒቴን» አለ፣ «ፈተናው ለሌላ ቀን ቢሆንስ? ዛሬ በሽተኛ አለ።»

«ምነው ጓድ ኡጁሉ፣ ወንድምህን አታምነውም እንዴ?» አሉ ካፒቴኑ እየሳቁ።

«አምነዋለሁ። ግን…»

«ግን ምን?»

እኔን አየኝ። አፉን ከፈተ። ዘጋው። «ደመናው ከባድ ነው ብዬ ነው» አለ።

እኔ በሆዴ «ምስኪን ወንድሜ፣ ፈርቶልኝ ነው» አልኩ። ትከሻውን መታ መታ አድርጌ «አይዞህ፣ አንተ ያስተማርከኝ እኮ ነኝ» አልኩት። ክንፉን ለቀቀ። ይቺን ቅጽበት ያዙልኝ። ለብዙ ዓመት ስጠላት የኖርኩት ከደመናው ይልቅ እሷን ነው።

ተነሣን። ባሮ ከበታቻችን ጭቃ ተሸክሞ ይጓዛል፤ የኒውላንድ ጎጆዎች አነሱ፣ ጠፉ። ካፒቴኑ ከፍታ ሲይዙ እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ከኋላ ዘይነባ ታቃስታለች፣ ሙስጠፋ እጇን ይዞ ቁርኣን ይቀራል። የተራራው ግድግዳ ላይ ስንደርስ ደመናው ዋጠን። መስኮቱ ነጭ ሆነ።

«ያንተ ነው» አሉኝ ካፒቴኑ።

መሪውን ያዝኩ። ደስ የሚል ነገር ነበረው፣ ይህንን ልነፍጋችሁ አልፈልግም። ፍጥነቱ ልክ፣ ከፍታው ልክ፣ አቅጣጫው ልክ። የአድማሱ መስመር እንደ ገበቴ ውኃ ረግቷል። «እሰይ፣ ጎበዝ» አሉኝ። በዚያች ሰዓት ከእኔ በላይ የታደለ ሰው ከሱዳን ድንበር እስከ አዲስ አበባ አልነበረም።

ድንገት ዘይነባ ጮኸች። ካፒቴኑ ቀበቷቸውን አላልተው ወደ ኋላ ዞሩ። «ምን ሆነች? ትራሱን ከፍ አድርግላት…» እያሉ ከሙስጠፋ ጋር ሲነጋገሩ ደመናው አውሮፕላኗን ከታች ገፋትና ቀኝ ክንፏ ወደቀ። ሰውነቴ «ወደ ቀኝ ነህ» አለኝ። መሣሪያውን አየሁ። በመሐሉ ያለው ነገር ግራ ጫፉን ደፍቶ ወደ ግራ አዘንብሏል።

የቱን ታምናለህ? መሣሪያውን። ቂጥህስ? ይዋሻል።

መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩ።

ይባስ ወደ ግራ አዘነበለ። እንግዲህ አልበቃውም ብዬ ጨመርኩ። አሁንም ባሰ። የነፋሱ ድምፅ ተለወጠ፤ ማፏጨት ጀመረ። ፍጥነቱ ሽቅብ፣ ከፍታው ቁልቁል። የዘይነባ ዕቃ የታሠረበት ፌስታል ተንሸራቶ ከቀኙ ግድግዳ ጋር ተላተመ፤ ሁሉም ነገር ወደ ቀኝ እየወደቀ እኔ ግን ወደ ቀኝ መጫኔን አልተውኩም፤ እጄ ከእኔ አልሰማም አለ። ከኋላ ሙስጠፋ «ላ ኢላሀ ኢለላህ!» ሲል ሰማሁ። ጸሎት አልነበረም፤ ስንብት ነው።

«ምን እያደረግህ ነው? ልቀቅ! ልቀቅ አልኩህ!»

የካፒቴኑ ክንድ ደረቴን መትቶ ከመሪው አላቀቀኝ። የሞተሩ ድምፅ ቀነሰ፣ አውሮፕላኗ ተንቀጠቀጠች፣ ወንበሩ ውስጥ የሚቀብረኝ ክብደት ተጫነኝ። ከደመናው ሥር ብቅ ስንል መሬቱ ከታች መሆኑ ቀርቶ ከጎናችን ነበር። ጫካ። የዛፎቹን ቅርንጫፍ ለየሁት፣ በአንዱ ላይ የተሰቀለ የንብ ቀፎ አየሁ። ካፒቴኑ ጥርሳቸውን ነክሰው ሳቡት፣ ሳቡት፣ ጫካው ዝቅ አለ።

መንገድ ላይ ዘይነባ አንድ ጊዜ ደከም ባለ ድምፅ «ደረስን?» አለች። ሙስጠፋ «ደርሰናል የኔ እመቤት፣ ደርሰናል» አላት፤ ገና አልደረስንም ነበር።

ጅማ አምቡላንስ ወሰዳት። ኋላ ዳነች፣ እንዳትጨነቁ። እኔና ካፒቴኑ ክንፉ ሥር ቀረን። ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር።

«ልጄ፣ ሁለት ጊዜ አይደለም የተሳሳትከው። አንድን ስሕተት ነው ደጋግመህ የሠራኸው፣ ያውም እንደተማረ ሰው። በምንድን ነው የተለማመድከው?»

ነገርኳቸው። ጣውላውን፣ ሲባጎውን፣ ከረጢቱን። የአድማስ መሣሪያው የሶቪየት መሆኑን ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ክንፉ ላይ በነበረው አቧራ በጣታቸው ሁለት ክብ ሣሉ።

«ተመልከት። ይህ የሶቪየቱ ነው። መስመሩ ቁሞ ይቀራል፣ የምታዘነብለው ምስሏ ናት። ይኼኛው የኛው አውሮፕላን ላይ ያለው ነው። ምስሏ ትቆማለች፣ የሚያዘነብለው መስመሩ ነው። ወደ ቀኝ ስትወድቅ መስመሩ ወደ ግራ ይተኛል። አንተ መስመሩን ክንፍህ አደረግኸው።»

አየሁ። ወዲያው ገባኝ። ሕፃን ልጅም ይገባዋል።

«ማነው የሠራልህ?»

«ወንድሜ።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

«አየር ኃይል የበረራ መሣሪያ ጠጋኝ ነበር። በአሜሪካውም በሶቪየቱም ሠርቷል።»

አቧራውን በመዳፋቸው ጠረጉት። «በሁለቱ የሠራ ሰው ይህን ሳያውቅ አይቀርም፣ ኡሞድ። የመጀመሪያ ቀን የሚነገራቸው ነገር ነው።»

«ረስቶት ይሆናል» አልኩ። «ጆሮውን ተጎድቷል።» ጆሮ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? እኔ እንጃ። ወንድሜን ከጥፋት ለማውጣት ያገኘሁትን ሁሉ እወረውር ነበር።

«አሁን አውቄዋለሁ፣ ደግመው ይፈትኑኝ» ብዬ ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጭንቅላትህ አውቆታል። እጅህ ግን ቀድሞ ሌላ ተምሯል፤ የተደናገጠ እጅ የሚመለሰው መጀመሪያ ወደተማረው ነው። ሰው ጭኜ እሱን እጅ አላምነውም።» ከዚያ ጨመሩ፤ «ስለ ወንድምህ የነገርከኝን አልሰማሁም። አንተም ለማንም አትንገር። ዘመኑን ታውቀዋለህ።»

በማግሥቱ ወደ ጋምቤላ የተመለስኩት ከኋላ፣ ዘይነባ የተኛችበት ቦታ ላይ ተቀምጬ ነው። መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ረስቶት ነው። ሌላ መሣሪያ ስላጣ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው ብሎ ነው። መንደርደሪያው ላይ ስናርፍ ወንድሜን ነፃ አውጥቼው ነበር ማለት እችላለሁ።

ግቢያችን ስገባ እናቴ ማንጎው ጥላ ሥር በቆሎ ትፈለፍላለች። ጅማ መንገድ ላይ የሆነውን በከተማው ማንም አልሰማም። ሳታየኝ ትንሽ ቆምኩ። ቀና አለች።

«ወደቅህ?» አለችኝ በአኙዋክኛ።

ጥያቄው አይደለም የገደለኝ። ፊቷ ነው። ልጅሽ ተወለደልሽ እንደተባለች እናት በርቷል።

«ወደቅሁ» አልኩ።

«ተመስገን!» ብላ እጇን ወደ ሰማይ አነሣች። ከዚያ ምን እንዳለች ገባትና እጇን ቀስ አድርጋ አወረደችው።

«እማ፣ ታውቂ ነበር?»

በቆሎውን መፈልፈል ቀጠለች፣ ፍሬው ግን ከሰፌዱ ውጭ ነበር የሚወድቀው። «አይሞትም ያለኝ ኡጁሉ ነው። ካፒቴኑ አጠገቡ አለ፣ ያለ ሰው ነው የሚሞክሩት፣ ይወድቃል ይመለሳል፣ አለኝ። እኔ ነኝ የለመንኩት፣ ኡሞድ። አንዱን ልጄን ጆሮውን አስቀርተው መለሱልኝ። ሁለተኛውን ምኑን አስቀርተው ይመልሱልኛል?»

«ዘይነባና ሙስጠፋ አብረውን ነበሩ እማ። ልንሞት ነበር። አራታችንም።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይህን አታውቅም ነበር። እዚያው ትቻት ወደ መለማመጃዋ ክፍል ገባሁ።

ኡጁሉ እዚያ ነበር፣ ከጣውላው ፊት፣ እኔ በምቀመጥበት ወንበር ላይ። ድምፄን ሲሰማ ፊቱን አዞረ፤ የማይሰማውን ጆሮውን ሰጠኝ። ዞሬ በሚሰማበት በኩል ቆምኩ።

«ታውቅ ነበር» አልኩ።

«አውቅ ነበር።»

«መጽሐፉን ሳሳይህም?»

«ያኔም።»

ይክዳል ብዬ ነበር። ቢክድ ይሻለኝ ነበር።

«ስማኝ» አለ። «ደመና ውስጥ ገብቶ መውጣት የሚችል አብራሪ ሲያገኙ ይሄ ሲቪል ነው አይሉም። ይወስዱታል። እኔ አይቻለሁ። ጠዋት መሣሪያውን ያስተካከልኩለት ልጅ ማታ አይመለስም። ስንቱን አየሁ መሰለህ! ጋምቤላ ላይ ሬዲዮ ተቀባይ ሆነህ ብትኖር ማን ይነካሃል?»

«ታዲያ አትሂድ አትለኝም ነበር?»

«ብልህ ትተው ነበር?»

«አልተውም።»

«አየህ።»

«አላየሁም! አልተውም ማለት የእኔ ነበር ኡጁሉ! የእኔ! አንተ ግን በየቀኑ ከዚህ ጣውላ ኋላ ተቀምጠህ በሲባጎ መውደቅን አስተማርከኝ። እኔ ደግሞ አመሰግንህ ነበር።»

አቀርቅሮ መሪውን ይዟል። ልጠይቀው የፈራሁትን ጠየቅሁት።

«እሺ ይሁን። ለእኔ ብለህ ነው። ትናንት ግን ዘይነባ ስትሳፈር ቆመህ አይተሃል። ክንፉን ይዘህ ነበር። አንድ ቃል ‹መሣሪያው ተገላቢጦሽ ነው› ብትል ይበቃ ነበር። ለምን አልተናገርክም?»

ከውጭ የእናቴ ልቅሶ ይሰማል።

«ብናገር አሻጥር ይሉታል» አለ በመጨረሻ። «የመንግሥት ጉዳይ ያደርጉታል። ያስሩኛል፣ ምናልባትም…» አልጨረሰውም። «ካፒቴኑ ያስተካክለዋል ብዬ ነው።»

«ካፒቴኑ ጀርባቸውን ሰጥተው በሽተኛዋን ያዩ ነበር።»

ወጥቼ ባሮ ዳር ሄድኩ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ የሆነው ብዙ አይደለም። ወንበሩን ፍስሐ ወሰደ። ኡጁሉ የፈራውም ደረሰ፤ ዓመት ሳይሞላው መጥተው ፍስሐን ወደ ሰሜኑ ጦርነት ወሰዱት። ግን አልሞተም። ጦርነቱ ሲያበቃ ተመለሰ፣ ፀጉሩ እስኪሸብት በረረ፣ ዛሬም ደህና ነው። ስለዚህ ወንድሜ ልክ ነበር ልላችሁ አልችልም፣ ተሳስቶ ነበርም ልላችሁ አልችልም። ሙስጠፋ እስኪሞት ድረስ በሱቁ በር ላይ «ያን ቀን ደመናው ሊጨርሰን ነበር» እያለ ይተርክ ነበር። ኡጁሉ ሊገዛ ሲመጣ «የካፒቴናችን ወንድም!» ብሎ ስኳር ይመርቅለታል። ኡጁሉ ስኳሩን ተቀብሎ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። እኔ ቆሜ አያለሁ፣ ምንም አልልም። ምን ልበል?

እኔ ዳግመኛ መሪ አልያዝኩም። በአስተርጓሚነት ኖርኩ፤ አሁን ኩሌ የስደተኞች ካምፕ ነው የምሠራው፣ የአንዱን ቃል ለሌላው ሳልጨምር ሳልቀንስ ማድረስ እንጀራዬ ሆኗል። እናቴን ቀድሜ ይቅር አልኳት፤ እናት ናት፣ የተነገራትን አመነች። ኡጁሉንም መውደቅን ስላስተማረኝ ይቅር ብየዋለሁ፤ ፍቅር ሰውን እንደሚያሳውር አውቃለሁ፣ እኔም ልጆች ወልጃለሁ። ክንፉን ይዞ ዝም ስላለባት ደቂቃ ግን አልቻልኩም። በመጀመሪያው ላይ ለእኔ ፈራ። በሁለተኛው ለራሱ ፈራ፣ እኛን አሳፍሮ።

የምትወዱት ሰው ለእናንተ ብሎ የሚደብቃችሁ ነገር ካለ፣ ወይም እናንተ ለምትወዱት ብላችሁ የደበቃችሁት ካለ፣ ይህን አስቡልኝ። ለፍቅር ተብሎ የተጀመረ ውሸት ፍቅሩ ካለበት ላይ አይቆምም። ሌላ ሰው መጥቶ ይሳፈርበታል፤ ያን ጊዜ ውሸታችሁን ለማዳን ነው የምትፈሩት እንጂ የምትወዱትን ለማዳን አይደለም።

ኡጁሉ አርጅቷል። ግቢያችን አንድ ነው፣ አብረን እንበላለን፣ ስታመም ዛሬም ቀድሞ የሚደርስልኝ እሱ ነው። እወደዋለሁ። ግን ባለፈው ሰሞን ታሞ ጠይቄው «ደህና ነኝ» ሲለኝ፣ ከቤቱ ወጥቼ ሚስቱን «እውነት ደህና ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።